ሥዕሎቹ የስዊንደን ሕዝብ ናቸው፤ ታዲያ ለምን ከአራት ዓመት በላይ በር ተዘጋባቸው?

ስለ እንግሊዝ ሥዕል ሲወራ ሰው ሁሉ ወደ ለንደን ነው የሚያየው። ስዊንደንን የሚጠራ ብዙም አይገኝም። ስዊንደን ከለንደን ወደ ምዕራብ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቅ፣ ከ230 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት የሠራተኛ ከተማ ናት። ያሳደጋት ባቡር ነው። የታላቁ ምዕራብ ባቡር ኩባንያ ወርክሾፕ እዚህ በ1843 ሥራ ጀመረ፤ በደህናው ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው፤ በ1986 ተዘጋ። ሆንዳም ለዓመታት መኪና ሲገጣጥም ቆይቶ በ2021 ፋብሪካውን ዘግቶ ሄደ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ይቺው ከተማ ከለንደን ውጭ ካሉት የዘመናዊ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ስብስቦች መካከል ከምርጦቹ የሚመደብ ስብስብ አላት። ሄንሪ ሙር አለ። ቤን ኒኮልሰን፣ ፖል ናሽ፣ ግራሃም ሰዘርላንድ፣ ቫኔሳ ቤል፣ ሎውሪ፣ ሉሲያን ፍሮይድ፣ ሃዋርድ ሆጅኪን አሉ። የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሥዕል ማወቅ የሚፈልግ ሰው እዚያ አንድ ከሰዓት ቢያሳልፍ ዋና ዋናዎቹን ያገኛቸዋል።

ያገኛቸው ነበር ማለት ይሻላል። ባዝ ሮድ ላይ የነበረው ሙዚየም መጋቢት 2020 በኮቪድ ምክንያት ተዘጋ። የሌሎች ከተሞች ሙዚየሞች አንድ በአንድ ሲከፈቱ የስዊንደኑ ሳይከፈት ቀረ። ማዘጋጃ ቤቱም ሕንፃው ለሥራው አይሆንም፣ ወደዚያ አንመለስም አለ። ስብስቡ እንደገና ቋሚ ቤት ያገኘው በሐምሌ 2024 ነው፤ እሱም በማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ሕንፃ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ።

በእነዚያ ከአራት በላይ ዓመታት አገሪቱን ያነጋገረ ጩኸት አልተሰማም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኼ ነው። አንድ ማዘጋጃ ቤት ሥዕል ሊሸጥ ነው ሲባል ጋዜጣው ሁሉ ይጮኻል፣ ፊርማ ይሰበሰባል፣ ምሁራን ደብዳቤ ይጽፋሉ። በር ሲዘጋ ግን ማንም ምንም አይልም፤ «ለጊዜው ነው» ይባልና ይታለፋል። በእኔ እምነት ግን አደጋው የሚጀምረው ከበሩ ነው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል፤ ከልብ የራቀውን ደግሞ መሸጥ ቀላል ነው።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ ሥዕሎቹ እዚያ እንዴት እንደደረሱ ማየት ያስፈልጋል። ስብስቡ የተጀመረው በ1944 ነው። ጦርነቱ ገና አላለቀም፣ ምግብ በራሽን ነው። ኤች ጄ ፒ ቦምፎርድ የሚባል የአካባቢው ባለሀብትና ሥዕል ሰብሳቢ ከራሱ ስብስብ ሥዕሎችን ለከተማዋ ሰጠ። ከጦርነቱ በኋላ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሃሮልድ ጆሊፍ ሥራውን ገፋበት። ልብ በሉ፣ ሰውየው የቤተ መጻሕፍት ሰው ነው። ሥዕልን እንደ መጽሐፍ ነበር የሚያየው፦ የፋብሪካ ሠራተኛ መጽሐፍ በነፃ መዋስ ከቻለ፣ ጥሩ ሥዕልም በነፃ የማያይበት ምክንያት የለም። በ1964 ከሙዚየሙ ጎን ለሥዕል ማሳያ የሚሆን ክፍል ተጨምሮ ተሠራ።

ያኔ እነዚህ ሥዕሎች እንደ ዛሬው ውድ አልነበሩም። ብዙዎቹ ሠዓሊዎች በሕይወት ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ትናንሽ ከተሞች የዘመናቸውን ሥዕል መግዛት የቻሉት ቀድመው ስለተነሱ ነው። ዛሬ እንግዛ ቢሉ አይሞከርም። ለምሳሌ ዌክፊልድ ያለው ሄፕዎርዝ ጋለሪ በ2025 የባርባራ ሄፕዎርዝን አንድ የ1943 ቅርጻ ቅርጽ ከአገር እንዳይወጣ ለማድረግ 3.8 ሚሊዮን ፓውንድ መሰብሰብ ነበረበት። የሎተሪ ገንዘብ፣ አርት ፈንድ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት፣ የግለሰቦች መዋጮ፣ ይኼ ሁሉ ተደምሮ ነው የተሳካው። ለአንድ ሥራ ብቻ!

አንዷን ሥዕል ጠጋ ብለን እንያት። በስዊንደን ያለው የሎውሪ ሥዕል «ክረምት በፔንድልበሪ» ይባላል፣ የ1943 ሥራ ነው። ፔንድልበሪ ማንችስተር አጠገብ ያለች የጥጥ ፋብሪካና የከሰል ድንጋይ አካባቢ ናት። ሎውሪ ከ1909 እስከ 1948 ኖሮባታል። ሰውየው ቀን ቀን የቤት ኪራይ ሰብሳቢ ነበር፤ በ65 ዓመቱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ይኼው ነበር እንጀራው። ቀን በር እያንኳኳ ኪራይ ይቀበላል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ቀን ያየውን መንገድና ሕዝብ ይሥላል። በአምስት ቀለም ብቻ ነበር የሚሠራው፦ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የአፈር ቢጫ እና ነጭ። ነጩ ዋናው ነው። ሸራውን አስቀድሞ ነጭ በነጭ ያደርገዋል፣ ነጩም በዓመታት ብዛት እየደበዘዘ ወደ ክሬም እንደሚሄድ አውቆ ነው። ስልክ ላይ ሲታይ ያ ነጭ ባዶ ቦታ ይመስላል። የሎውሪ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ግን ቀለሙ እንዴት እንደወፈረ፣ ብሩሹ የት የት እንደሄደ፣ ጭሱና ጉሙ ከምን እንደተሠራ ያያል። ፎቶ ይኼን አይሰጥም። «ኢንተርኔት ላይ አለ አይደል?» ለሚሉ ሰዎች የምመልሰው ይኼን ነው።

ሌላዋ የቫኔሳ ቤል ናት። በ1916 የሣለቻት፣ ራቁቷን የተጋደመች ሴት ከአበቦች ጋር። መጀመሪያ የታሰበችው ለአንዲት ወዳጇ አልጋ ራስጌ ማስጌጫ ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሶም በሚባለው ጦር ሜዳ፣ የእንግሊዝ ወጣት እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። እሷ ደግሞ ለወዳጇ አልጋ አበባ ትሥላለች። እኔ ይኼን ሳስብ ስለዚያ ዘመን ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ የማላገኘው ነገር ይሰማኛል።

በነገራችን ላይ ከእነዚህ ሠዓሊዎች ፖል ናሽና ቤን ኒኮልሰን የተማሩት ለንደን ውስጥ ስሌድ በሚባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ነው። የእኛው አፈወርቅ ተክሌ በኋላ የገባበት ትምህርት ቤት ማለት ነው። ስለዚህ የአፈወርቅን ሥራ ለሚወድ ሰው ይኼ ስብስብ ያን ያህል ባዕድ አይደለም።

አሁን ወደ ጣጣው እንምጣ። በሩ ለምን ተዘጋ? አንዱ መልስ ሕንፃው ነው። ባዝ ሮድ ላይ ያለው አፕስሊ ሃውስ በ1930 ሙዚየም የሆነ አሮጌ መኖሪያ ቤት ነው፤ ጠባብ ነው፣ ለዘመኑ ሥራ አይመችም። ከተማዋ ይኼን አውቃ አዲስ ሙዚየም ለመሥራት አቅዳ ነበር፣ 22 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት። ከዚያ ውስጥ 12.5 ሚሊዮኑን የሎተሪ ገንዘብ ከሚያከፋፍለው የቅርስ ፈንድ ጠየቀች። ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ የረባ ሁለተኛ ዕቅድ አልነበረም፣ ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ በሩን ለመዝጋት ምክንያት ተገኘ።

ሁለተኛው መልስ ሕጉ ነው፣ ዋናውም እሱ ይመስለኛል። እንግሊዝ ውስጥ በ1964 የወጣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ቤተ መጻሕፍት ማቋቋምና ማስተዳደር የማዘጋጃ ቤት ግዴታ ነው። ሙዚየምና ጋለሪ ግን ግዴታ አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ከፈለገ «ይችላል» ነው የሚለው። አንድ ማዘጋጃ ቤት ሙዚየሙን ቢዘጋ ሕግ ጥሷል ተብሎ የሚከሰስበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። አረጋውያንን መንከባከብ ግዴታ ነው። የተጎዱ ሕፃናትን መጠበቅ ግዴታ ነው። የእነዚህ ወጪ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ከመንግሥት የሚመጣው ድጎማ ደግሞ ከ2010 ወዲህ ክፉኛ ተቆርጧል። ቢርሚንግሃምን የሚያህል ከተማ እንኳን በመስከረም 2023 በጀቴን ማመጣጠን አልቻልኩም ብሎ በይፋ አውጇል። እንዲህ ሲሆን መቀሱ መጀመሪያ የሚያርፈው ግዴታ ባልሆነው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ለአሮጊቷ ተንከባካቢ ይቀጠር ወይስ ሥዕል ይሰቀል?» ጥያቄው ከልብ የሚመጣ ነው፣ አልንቀውም። እናቱን የሚያስታምም ሰው ቢጠይቀኝ ስለ ቫኔሳ ቤል ልሰብከው አልደፍርም። ግን ሒሳቡን እንሥራው።

ማንችስተር አቅራቢያ ቤሪ የምትባል ከተማ አለች። ማዘጋጃ ቤቷ በ1951 የሎውሪን «የወንዝ ዳር» በ175 ፓውንድ ገዝቶ ነበር። በ2006 ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ የበጀት ጉድለት ገጠመውና ሥዕሉን ለጨረታ አወጣው። 1.25 ሚሊዮን ተሸጠ። ትርፍ ይመስላል። ከጉድለቱ ስንት ሸፈነ? አንድ ስምንተኛውን፣ ለዚያውም ለአንድ ዓመት። የአረጋውያን እንክብካቤ በሚቀጥለውም ዓመት አለ፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ሥዕሉ ግን አንዴ ሄደ። በዚያ ላይ ጋለሪው የሙዚየምነት ዕውቅናውን ተነጠቀ። ዕውቅና ተራ ወረቀት አይደለም፤ የድጋፍ ገንዘብ ለማግኘትና ከሌሎች ሙዚየሞች ሥዕል ለመዋስ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሥዕል ሊሰጥ ያሰበ ሰውም ይሸሻል። አያቴ የሰጡትን ነገ ይሸጡታል ካለ ማን ይሰጣል?

ኖርዝሃምፕተን በ2014 ሰኸምካ የሚባለውን ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት በ15.76 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥም ዕውቅናውን አጥቷል። እሱ ዘመናዊ ሥዕል አይደለም፤ ያነሳሁት ለሌላ ነገር ነው። ሽያጩን ለማስረዳት ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ሐውልቱ ለዓመታት ከዕይታ ውጭ ሆኖ መቀመጡ ነበር። ቆልፎ ያስቀመጠው ራሱ ባለቤቱ ነው፣ ከዚያ «ማንም አላየውም» ብሎ ይሸጠዋል። በአማርኛ ለዚህ ስም አለን፦ አደራ በላ።

የለንደኗ «ኦልድ ፍሎ» ታሪክም ያው ነው። የሄንሪ ሙር ትልቅ የነሐስ ሐውልት ናት፣ የተቀመጠች ሴት። የለንደን አስተዳደር በ1962 በ7,400 ፓውንድ ገዝቶ በምሥራቅ ለንደን የድሆች መኖሪያ ሕንፃዎች መሀል አቆማት። ሙርም ሐውልቷ ተራው ሕዝብ መሀል እንድትቆም ብሎ ዋጋውን ቀንሶ ነበር የሰጠው። ሕንፃዎቹ ሲፈርሱ በ1997 ዮርክሸር ወዳለው የቅርጻ ቅርጽ ፓርክ ተወሰደች። ሃያ ዓመት እዚያ ቆየች። በ2012 ታወር ሃምሌትስ የሚባለው የምሥራቅ ለንደን አስተዳደር ከንቲባ እንሽጣት ሲሉ፣ እስከ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ታወጣለች ይባል ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ ደግሞ አይቷት አያውቅም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ከንቲባውም ተቀየሩ፣ አዲሱ ከንቲባ ሽያጩን ሰረዙት። በ2017 ወደ ምሥራቅ ለንደን ተመለሰች።

ሳውዝሃምፕተንን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በ2009 ማዘጋጃ ቤቱ ከጋለሪው የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የመኒንግስን አንድ ሥዕልና የፈረንሳዊውን ቀራፂ የሮዳንን አንድ የነሐስ ሐውልት ሸጬ አዲስ የባሕር ሙዚየም ልሥራ አለ። ጋለሪው ክፍት ነበር። ሕዝቡ ሥዕሎቹን ያውቃቸዋል፤ ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤት ጋር ያያቸው አሁን የራሱን ልጅ ይዞ ይሄዳል። ተቃውሞው በረታና ማዘጋጃ ቤቱ ሐሳቡን ተወ። ባሕር ሙዚየሙም በሌላ ገንዘብ ተሠርቶ በ2012 ተከፈተ።

በእርግጥ ክፍት በር ብቻውን ዋስትና አይደለም። የቤሪ ጋለሪም ክፍት ነበር። ግን የሚሟገት ሰው የሚፈጠረው ክፍት በር ባለበት ነው፣ ይኼን ማንም አይክደውም። ደግሞም ብሪታንያ ውስጥ በሕዝብ ይዞታ ካሉት የዘይት ቀለም ሥዕሎች ከአምስቱ አራቱ ገደማ በማንኛውም ጊዜ ከዕይታ ውጭ ናቸው። ሁሉንም መስቀል አይቻልም፣ እሺ፤ የግድግዳ ጉዳይ ነው። ተራ በተራ ማውጣት ግን ይቻላል፣ የሚያወጣቸው ባለሙያ ካለ። በጀት ሲቆረጥ አስቀድሞ የሚሄደውም ይኼ ባለሙያ ነው። የትኛው ሥዕል ከማን እንደመጣ፣ ምን ቃል እንደተገባ፣ የቱ እርጥበት እንደማይችል የሚያውቅ ሰው ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ሌላም መንገድ አለ። የቺቸስተሩ ዋልተር ሃሲ፣ የካቴድራሉ ዲን (አለቃ) የነበሩት፣ የሄንሪ ሙርንና የሰዘርላንድን ሥራ ለቤተ ክርስቲያን በማሠራት የታወቁ ሰው ናቸው። የግል ስብስባቸውን ለከተማዋ ሲሰጡ እንዲሁ አልሰጡም። ፓላንት ሃውስ የሚባለው ቤት ታድሶ ሥዕሎቹ እዚያ ይታዩ ብለው ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ጋለሪው በ1982 ተከፈተ፣ በ2006 ትልቅ አዲስ ክፍል ተጨመረለት፤ ዛሬ በዘመናዊ የብሪታንያ ሥዕል ስሙ የሚጠራ ቦታ ነው። የሚተዳደረውም ራሱን በቻለ ባለአደራ ድርጅት ነው። ገንዘብ መለመን እዚያም አለ፣ ግን ስብስቡ ከመንገድ ጥገናና ከቆሻሻ ማንሻ ጋር በአንድ የበጀት ገበታ አይቀርብም። ሰጪው ቃሉን በጽሑፍ ማሰሩ ይኼን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ለእኛም ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ባዝ ከስዊንደን በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያ ነው፤ በ1958 ቤቱን ለከተማዋ ሰጡ፣ ለአረጋውያን እንዲሆን ብለው። ለከተማ መስጠት ማለት ይኼ ነው። የዛሬው የምክር ቤት አባል አልነበረም፣ የነገውም አልተወለደም፤ ስጦታው ግን ለሁሉም ነው። ቦምፎርድ በ1944 ያደረገውም ከዚህ አይለይም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች የሥዕሎቹ ጠባቂዎች ናቸው፣ ነጋዴዎች አይደሉም።

ስዊንደን አሁን በሩን ከፍታለች፣ ደስ ብሎኛል። ቦታው የቢሮ ሕንፃ ፎቅ ቢሆንም ሰው ገብቶ ማየት ችሏል፣ ሙዚየሙም ሥዕልና የከተማዋን ታሪክ አንድ ላይ ይዟል። ግን አንድ ፎቅ ለዚህ ስብስብ አይበቃም፣ ትልቁ ሙዚየምም ዛሬም አልተሠራም። ከተማዋ እንደገና ገንዘብ ልትጠይቅ ከሆነ፣ ከበፊቱ የተሻለ ክርክር አላት፦ አሁን የሚገባ ሰው አለ፣ ሊቆጠርም ይችላል።

ከስዊንደን አልፎ ደግሞ ሌላ ነገር እየመጣ ነው። መንግሥት በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ዕቅድ መሠረት እንግሊዝ ውስጥ ያሉ ብዙ የወረዳ ምክር ቤቶች ይፈርሱና ወደ ትልልቅ አስተዳደሮች ይቀላቀላሉ፤ አብዛኞቹ አዲስ አስተዳደሮች በ2028 ሥራ ይጀምራሉ ተብሎ ይጠበቃል። ስዊንደን ከ1997 ጀምሮ ራሷን የቻለች አስተዳደር ስለሆነች እንደ ወረዳዎቹ አትፈርስም። ሙዚየም ያላቸው ትናንሽ ወረዳዎች ግን ብዙ ናቸው። አንዲት ከተማ ከስንት ሰው በስጦታ ያገኘችው ሥዕል፣ ከተማዋን ጨርሶ የማያውቅ አዲስ ምክር ቤት ንብረት ሊሆን ነው። አዲሱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ሥራው ንብረት መቁጠር ይሆናል፣ የቆጠረውንም መገመት። የስጦታ ደብዳቤዎቹ፣ ቅድመ ሁኔታዎቹ፣ «ለዚህች ከተማ ሕዝብ» የሚሉት ወረቀቶች ከአሮጌ መሳቢያ ወጥተው በውርስ ሰነዱ ላይ መጻፍ ያለባቸው ከዚያ በፊት ነው፤ የቀረውም ጊዜ አጭር ነው።